ሥልሳ አራት ጊዜ

ፈረንሳዊው የቴኒስ ተጫዋች ኒኮላ ማዩ ራኬቱን መስቀሉን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጸው፣ ፓሪስ ላይ፣ በአገሩ ሰው ፊት ተጫውቶ ተሰናበተ። 43 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ማታ የድሮ ጨዋታዎቹን ስፈልግ አመሸሁና እንቅልፌ ጠፋ። ስለዚህ እየጻፍኩ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ሰኔ 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የማልረሳው በዓለም ዋንጫው ምክንያት ነው። የዚያን ዕለት 11 ሰዓት ላይ በጀመረው ጨዋታ ፈረንሳይ በደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 ተሸንፋ ከምድቧ ወደቀች። ተጫዋቾቿ ከአሰልጣኛቸው ተኳርፈው ልምምድ አንሠራም ካሉ ገና ሁለት ቀናቸው ነበር። ፈረንሳይ ተዋርዳ ያመሸችበት ቀን ነው። ምሽት 2 ሰዓት አለፍ ሲል ደግሞ ለንደን ውስጥ፣ በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር 18ኛው ሜዳ ላይ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ፈረንሳዊ ገባ።

በዓለም 148ኛ ነበር። ዋናው ውድድር ውስጥ የገባው ማጣሪያ ተጫውቶ ነው። እዚያም አንዱን ጨዋታ የጨረሰው በመጨረሻው ዙር 24 ለ 22 ነበር። አሁን የገጠመው አሜሪካዊው ጆን ኢስነር ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ ሰርቩ፣ ማለትም ጨዋታ የሚያስጀምርበት ምት፣ ከሰገነት ላይ የሚወረወር ነው የሚመስለው። ሁለት ሁለት ዙር ተካፍለው መሸባቸው። የሚለያቸው አምስተኛው ዙር ለነገ ተባለ።

በማግስቱ ወንድሜ ጋናን ከጀርመን ሊያይ ቴሌቪዥኑን ያዘ። በእረፍት ሰዓት ለምኜው ቻናል ቀየርን።

«ይሄ ነገር አላለቀም እንዴ?» አለኝ።

አላለቀም። ያኔ ዊምብልደን ላይ በአምስተኛው ዙር ታይብሬክ የሚባል፣ እኩል ሲሆኑ ዙሩን የሚዘጋ አጭር መለያ የለም። ዙሩ በጌም፣ ማለትም በትናንሽ ጨዋታዎች ነው የሚቆጠረው፤ አንዱ ቢያንስ ስድስት ጌም አግኝቶ በሁለት እስኪበልጥ ድረስ ይቀጥላል። የውጤት ሰሌዳው 47 ለ 47 ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ በላይ እንዲቆጥር አልተሠራም። ሰዎቹ ግን ቀጠሉ። 59 ለ 59 ላይ እንደገና መሸ።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ቁጥሩ ነው። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ጌም በጌም እየተፈራረቁ ሰርቭ ያደርጋሉ፤ በአምስተኛው ዙር ቀድሞ ሰርቭ የሚያደርገው ኢስነር ነበር። ስለዚህ ከ5 ለ 4 ጀምሮ ኢስነር ጌሙን ባሸነፈ ቁጥር ማዩ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ራሱ ሰርቭ የሚያደርግበትን ጌም ከተነጠቀ አለቀ። ኢስነር ቢሳሳት የሚያርምበት ጌም አለው፤ ማዩ ግን የለውም። እንዲህ ሆኖ ሥልሳ አራት ጊዜ ቆመ፣ ሥልሳ አራት ጊዜም ተረፈ። በሦስተኛው ቀን፣ በሥልሳ አምስተኛው፣ 70 ለ 68 ተሸነፈ።

እኔ ያኔ ተመርቄ ሥራ የምፈልግበት ዓመት ነበር። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ስምና ቁጥር የምገለብጥበት። ልቤ ወደ ማዩ ያደላው ለዚህ ይመስለኛል።

ጨዋታው 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጀ። ጠቅላላ ነጥብ ሲቆጠር ማዩ 502፣ ኢስነር 478 ነበራቸው። ብዙ ነጥብ ያገኘው ነው የተሸነፈው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። ከዚያም ተነሥቶ ሽልማት ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሣ። ያንን ፎቶ ዛሬም ሳየው ሆዴ ይባባል። ሰው በተሸነፈበት ደቂቃ ለምን ከሰሌዳው አጠገብ ያቆሙታል?

በዓመቱ ዕጣው እዚያው ዊምብልደን ላይ መልሶ ከኢስነር ጋር አገናኘው። እንደገና ተሸነፈ፣ በሦስት ቀጥታ ዙር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ ነው ያወቅኩት፤ አፍሬም ተቆጨሁም። እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ31 ዓመቱ፣ ሆላንድ ውስጥ ማጣሪያ ተጫውቶ ገብቶ ስታን ዋውሪንካን በፍጻሜ አሸነፈ። በነጠላ ያገኘው የመጀመሪያ ዋንጫው ይህ ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ በሌላ ውድድር አንዲ ሮዲክን ሊያሸንፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ዋንጫ አምልጦት ነበር። ከዚያ ከፒየር ኡግ ኤርቤር ጋር በጥንድ መጫወት ጀመረ። በ2015 የአሜሪካ ኦፕንን ወሰዱ። በ2016 ዊምብልደንን! ያ ፎጣ ፊቱ ላይ የወደቀበት ቦታ ላይ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ዋንጫ አነሣ። በዚያው ዓመት በጥንድ የዓለም አንደኛ ሆነ። በ2018 የፈረንሳዩን ሮላንድ ጋሮስን፣ በ2019 አውስትራሊያን ጨመሩ። አራቱም ትላልቅ ውድድሮች ሞሉ። በ2021 ሮላንድ ጋሮስን ደገሙት።

ይህ ሁሉ እያለ ግን ስሙ ሲጠራ የሚነሣው ያ የተሸነፈበት ጨዋታ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሕጉ አሁን ተቀይሯል። በአራቱም ውድድሮች የመጨረሻው ዙር 6 ለ 6 ሲሆን ታይብሬክ ይጫወታሉ። ስለዚህ ያንን ቁጥር ማንም አይደርስበትም፤ ከስሙም አይነቀልም።

መጨረሻ ላይ ያየሁት ከ2019 ሮላንድ ጋሮስ ነው፣ ነጠላ ጨዋታ። 37 ዓመቱ ነው። በአርጀንቲናዊው ሊዮናርዶ ማየር ተሸንፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ትንሽ ልጁ ከተመልካቹ መሀል ወርዶ በሜዳው ላይ ሮጦ ሄዶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። አሸናፊውም ቆሞ እያየ እንባውን መያዝ አቃተው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ልጄ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቷል። ነገ ሲነሣ አሳየዋለሁ።