ቤተሰብዎ ስንት ነው? የዘጠኝ ወር የሥራ ማስታወሻ

በዋሽንግተን ዲሲ የከተማ አስተዳደር በኮሙኒኬሽን ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ስደተኞችን በሚረዳ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ገንዘብ በሚሰጥ ፋውንዴሽን ሠርቻለሁ። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ስላላችሁ የተማርኩትን ሳልረሳው ልጻፍላችሁ።

ከፋውንዴሽኑ የያዝኩት በዋናነት አንድ ነገር ነው፦ የተረጂን ፎቶግራፍ ከማውጣት በፊት የት እንደሚወጣ አስረድቶ ፈቃድ መጠየቅ። በችግር ቀን የተነሣ ፎቶ ባለቤቱ ሥራ ይዞ ልጆቹን ካስመረቀ በኋላም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ይህን ቸል አትበሉ።

ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ ግን የመጀመሪያው ሥራዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጸደይ የኮቪድ ክትባት ማስታወቂያ በአማርኛ አዘጋጀሁ። ክትባቱ የሚሰጠው በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ነበር። እኔ «በ9 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። አዛውንቶቹ በለመዱት አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መጡ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። አንዲት እናት ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መምጣታቸውን ሲነግሩኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከጎኑም በአሜሪካ አቆጣጠር 9፡00 መሆኑን እጨምራለሁ። አንዱን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲያነቡ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ።

ሁለተኛው የቤት ኪራይ ድጋፍ ማመልከቻ ነው። እንግሊዝኛው አመልካቹ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ይጠይቃል። እኔ «የቤተሰብዎ ብዛት» ብዬ ተረጎምኩት። እማማ (ስማቸውን አልጠቅስም) ሰባት ብለው ሞሉ። የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ሁለት ሆነው ነው፤ የቀሩት አምስቱ ጎንደር ያሉና እማማ በየወሩ ገንዘብ የሚልኩላቸው ናቸው። «ልጄ፣ ቤተሰቤ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን «ከእርስዎ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ብዛት፣ እርስዎን ጨምሮ» ብዬ እጽፋለሁ። ረዝሟል፤ ግን ማንንም አያሳስትም።

የከተማው አስተዳደር ውስጥ ስገባ ያስደነቀኝ ይህ ሁሉ የሕግ ጉዳይ መሆኑ ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግላቸው ሰዎች መካከል እንግሊዝኛ በበቂ ሁኔታ የማይችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 3 በመቶ ወይም 500 ከደረሱ (ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል) ወሳኝ ሰነዶች በዚያ ቋንቋ እንዲተረጎሙ ያስገድዳል። የቃል አስተርጓሚ ለማግኘት ግን የተናጋሪው ቁጥር አይጠየቅም። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መብቱ የተነፈገ ሰው ለሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ ያቀርባል። ይህን ለወገኖቻችን ንገሩልኝ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

የአሠራሬ ለውጥ ይህ ነው። እንግሊዝኛው ካለቀ በኋላ ወደ አማርኛ ለማዞር አልጠብቅም፤ ገና ሲረቀቅ ገብቼ «ይህን እናቴ ምን ብላ ትረዳዋለች?» እላለሁ። አንዳንዴ ጥያቄው እንግሊዝኛውንም አስተካክሎታል። ከዚያ ለሦስት ሰዎች ጮክ ብዬ አነባለሁ፦ ለአንድ የታክሲ ሾፌር፣ ለአንዲት ምግብ ቤት ለምትሠራ ሴትና ከቤተ ክርስቲያን ለማውቃቸው አዛውንት። አዛውንቱ ዝም ካሉ ጽሑፉ አልገባቸውም ማለት ነው፤ «ታዲያ መቼ ልሂድ?» ካሉ ደርሷል።

ያልተሻገርኩት ነገር ማንበብ የማይችሉት ናቸው። ለእነርሱ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በዋትስአፕ ለመሞከር አስቤያለሁ፤ የመጀመሪያውን ስለ ክረምቱ የማሞቂያ ክፍያ ድጋፍ እቀዳለሁ። ስንቱ ሰው ሰምቶ እንደመጣ በሩ ላይ ቆሜ ራሴ እቆጥራለሁ፤ ውጤቱንም በሚቀጥለው ማስታወሻ እጽፍላችኋለሁ።