የሚረግፍ ቅጠል ለሰው ይላካል?

«ምነው ልጄ፣ ለሰው የሚረግፍ ቅጠል ይላካል እንዴ?»

እናቴ ይህን ያለችኝ ሦስት ማታ የለፋሁበትን ካርድ አንስታ ወደ መስኮቱ ካስጠጋችው በኋላ ነው። ካርዱ ለእህቴ ልደት ነው። እህቴ ያለችው ኦታዋ ነው፣ ልደቷ ጥቅምት ውስጥ ነው፣ እና በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የምትልክልኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፤ መንገዱ፣ የመኪናው ጣሪያ፣ የቤቷ ደጃፍ፣ ሁሉም ቀይና ብርቱካንማ ቅጠል ለብሶ። እኔም ያንኑ ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ። ከላይ ቅርንጫፍ፣ ከታች መሬት፣ መሃል ላይ እየተንሳፈፉ የሚወርዱ ቅጠሎች። ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

ግን እናቴ ልክ ናት። በእኛ አፍ ቅጠል ረገፈ ከተባለ ደግ ነገር አይከተልም። «እንደ ቅጠል ረገፉ» የምንለው ጦርነትና ወረርሽኝ ሰው ሲጨርስ ነው። ለምንወደው ሰው የምንመኘው ልምላሜ ነው። ለእንቁጣጣሽ የምንጎዘጉዘው ለምለም ሣር ነው፣ ልጆች በየቤቱ የሚያዞሩት ሥዕልም የፈካ አበባ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ሦስት ማታ ሙሉ አልታየኝም። ዓይኔ ላይ የነበረው የፈረንጅ ካርድ ነበር።

እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ቅርጽ መቁረጫ ማሽኗን የላከችልኝ እህቴ ራሷ ናት፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሰው እጅ። ትንሽ ናት፣ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። እንደ ፓስታ መዳመጫ ነው የምትሠራው፤ እጀታዋን ስታዞሩት በሁለት ጥቅልል ብረቶች መሃል ያለውን ነገር ጨምቃ ታሳልፈዋለች። ቅርጹ ከቀጭን ብረት የተሠራ ነው፣ ዳይ ይሉታል፣ ጠርዙ ስለት አለው። ስለቱን ወደ ወረቀቱ ታደርጉትና ከላይም ከታችም የፕላስቲክ ሰሌዳ ታለብሱታላችሁ፣ ከዚያ ማዞር ነው። ሰሌዳው ሲንቋቋ መጀመሪያ ቀን የተሰበረ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ድምፁ ግን ያው ነው፣ አትፍሩት። ወረቀቱ ወፈር ካለ የቅጠሉ ቀጭን ግንድ ላይ ሳይቆርጥ ይቀራል፤ በእጅ አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። ሰሌዳውን ሳታነቃንቁ አንዴ ደግማችሁ አሳልፉት።

የደረሱኝ ቅርጾች ሦስት ናቸው፤ የሜፕል ቅጠል፣ የኦክ ቅጠል እና ዱባ። ዱባዋን እስከ ዛሬ አልነካኋትም። ለእኔ ዱባ የጾም ወጥ ነው፣ ካርድ ላይ ምን እንደሚል አይገባኝም።

ለካርዱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነጭ ሃርድ ፔፐር ገዛሁ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ብታጥፉት 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርድ ይወጣችኋል፣ ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ካጠፋችሁት ግን እጥፋቱ ላይ ይሰነጣጠቃል። ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ፈልጉ፣ ማስመሪያ አስደግፋችሁ መሃሉን ጫን አድርጋችሁ አስምሩበት፣ ከዚያ እጠፉ።

ቀለሙ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። እዚህ የሚገኘው የማህተም ቀለም የቢሮ ነው፤ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር፣ ሲገኝ ቀይ። በወይን ጠጅ ምን ቅጠል ይሠራል? ስለዚህ ወደ ማድቤት ገባሁ። እርድ በትንሽ ውሃ በጠበጥኩ፣ ቢጫ ሆነልኝ። ሦስተኛው ቡና ከተጠጣ በኋላ ጀበና ውስጥ የቀረውን አጥልዬ ወረቀቱ ላይ አንድ ጊዜ ብቀባው ፈዘዝ ያለ ቡኒ፣ ሲደርቅ ብደግመው ጠቆር ያለ ቡኒ ሰጠኝ። የድሬ ሙቀት ለዚህ ሥራ አጋዥ ነው፣ አንዱን ቀብታችሁ ዞር እስክትሉ ይደርቃል። እርዱን ግን ብቻውን አትመኑት፤ ብርሃን ሲበዛበት ይለቃል። እኔ ከቢጫ የውሃ ቀለም ጋር ቀላቀልኩት።

የቀለሙ ቅደም ተከተልም አለ። ቅጠሉ ለምን እንደሚቀላ እህቴን በድምፅ መልእክት ጠይቄያት ነበርና ልጇ ትምህርት ቤት የተማረውን እሱው ራሱ ነገረኝ። ቢጫው ከመጀመሪያውም ቅጠሉ ውስጥ አለ፣ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሸፍኖት ነው። ብርዱ ሲመጣና ቀኑ ሲያጥር ክሎሮፊሉ ይፈርሳል፣ ያን ጊዜ ቢጫው ብቅ ይላል። ቀዩ ግን ያኔ አዲስ የሚሠራ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ወረቀቱን በሙሉ መጀመሪያ ቢጫ ቀባሁት፣ ሲደርቅ የስፖንጅ ቁራጭ ቀዩን የማህተም ቀለም አስነክቼ አብዛኛውን ጨርቅ ላይ ካራገፍኩ በኋላ እዚህም እዚያም ቸብ ቸብ አደረግኩበት፣ በመጨረሻ ቡናውን። ቅጠሎቹን የቆረጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ ጫፉ ብቻ ቀልቷል፣ አንዱ ግማሽ ለግማሽ ነው። ቀድማችሁ ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ልቀባ ብትሉ ጠርዙ እርጥበት ጠጥቶ ይጠቀለላል።

እኛ ከተማ ቅጠል ሲረግፍ ማን ያየዋል? በከተማችን ስም የሚጠራውን ዛፍ፣ የድሬዳዋ ዛፍን እዩት። ትውልዱ ማዳጋስካር ነው ይላሉ፣ ስሙን ግን ከእኛ ወሰደ። ቅጠሉ እንደ ላባ ነው፣ እያንዳንዷ ቅንጣት ከሩዝ ብዙም አትበልጥም። ቢጫ ሆና ስትወርድ አስፋልቱ ላይ እንደ አቧራ ነው፣ ባጃጅ ሲያልፍ ብድግ ብላ ትበተናለች። እህቴ የምትልከው ዓይነት ጫማ የሚውጥ ቅጠል የለንም። በዚህ ሰሞን እኛ ጋ የሚቀላው የሐረርጌ ቡና ነው። ማሽላውም እሸት ይዞ ራሱን ያከብዳል። ቤት ውስጥ የጥንቅሽ ልጣጭ የምንጠርግበት ወቅት ነው፣ እህቴ ደግሞ ጥንቅሽ ስትወድ!

ስለዚህ ቡናና ማሽላ ይግባበት አልኩ። የዚህ ዓይነት ቅርጽ ግን ማንም አይልክልኝም፣ ማህተም አድርጌ ራሴው ቀረጽኩት። የሚያስፈልገው ትልቅ ነጭ ላጲስና አዲስ ምላጭ ነው። ሥዕሉን በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳሉ፣ በፊቱ ላጲሱ ላይ ድፉት፣ ከኋላው በጥፍራችሁ እሹት። እርሳሱ ተገልብጦ ይቀመጣል፣ ስታትሙት ደግሞ ይቃናል። ፊደል የምትቀርጹ ከሆነ ይህን እንዳትረሱ። ከዚያ መስመሩን ትታችሁ ዙሪያውን በምላጭ ቀስ እያላችሁ ታነሱታላችሁ፣ ሁልጊዜ ምላጩን ወደ ውጭ አጋደል አድርጋችሁ፣ መስመሩ ከሥሩ ሰፋ ብሎ እንዲቆም። ወደ ውስጥ ከገባችሁ ቀጭኑ መስመር ሲጫን ይታጠፋል። እኔ አንድ ዘለላ ቡና ቀረጽኩ፣ አምስት ፍሬ ከሁለት ቅጠል ጋር። የማሽላው ራስ ቀላል ነው፣ በእርሳስ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ላጲስ ቡናው ውስጥ እየነከርኩ ነጥብ በነጥብ ሠራሁት።

ከዚያ የሜፕሉን ቅጠሎች ሰበሰብኳቸውና ከማሽላው አገዳ ላይ አስያዝኳቸው። አዎ፣ በተፈጥሮ የሌለ ነገር ነው። ግን አንድም የሚወድቅ ቅጠል የለም፣ ሁሉም ይዟል። በቅጠሎቹ መሃል ቀይ የቡና ዘለላ አተምኩ። ሁለቱን ትልልቅ ቅጠሎች ከሥራቸው የካርቶን ቁራጭ በኮላ ለጥፌ ከፍ አደረግኳቸው፣ ጥላ እንዲጥሉ።

ምን ይጻፍበት የሚለው ሌላ ሐሳብ ነበር። ወቅቱን ምን ልበለው? አንዳንዱ በልግ ይለዋል፣ እሱ ስህተት ነው፣ በልግ የትንሹ ዝናብ ጊዜ ነው። ትክክለኛው ስም መጸው ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው። ግን «መልካም መጸው» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ጥቢ የሚለውን እወደዋለሁ፣ ክረምቱ ወጥቶ እሸት ሲደርስ ያለውን ጊዜ፣ እሱም ለልደት ካርድ ብቻውን አልበቃ አለኝ። በመጨረሻ አባባ ምሳ ላይ ሁልጊዜ የሚላት ትዝ አለችኝና ውስጡ ላይ በእጄ ጻፍኳት፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት፣ ላንቺ አገር ብርድ ግን ሁለት ይሁንልሽ»። ድሬ ላይ ሆነን ይህን ተረት የምንለው ለወጉ ነው፣ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ የት አለና። ለእሷ ግን እውነት ነው።

ለእናቴ እንደገና አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቡናውን በጣቷ ነካችው። «አቦ፣ ይሄ ደግ ነው» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «እኔስ ምን ልበላት?» ስትል እስክሪብቶ ሰጠኋት፣ እሷ ግን ማህተሙን ነው የፈለገችው። ላጲሱን ቀይ ቀለም አስነካሁላት። ከጽሑፌ ሥር በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ደረሰኝ ማህተም፣ በሙሉ ኃይሏ ተጫነችው። ሲነሳ የላጲሱ ጠርዝ በአንድ በኩል ቀይ መስመር ጥሏል፣ አንዷ ፍሬም ፈሳ ከቅጠሉ ጋር ተገናኝታለች። ሐሙስ የሚሄድ ሰው አለ። ሌላ ካርድ ለመሥራት ጊዜ ነበረኝ፣ ይህችኛዋን ግን እንዳለች ፖስታ ውስጥ ከተትኳት።