ዋትስ ደርሼ መጣሁ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ እኛ ሐበሾች ቡና በምንጠጣበት ሰፈር፣ ዋትስ የሚባለው የዚሁ ከተማ ሰፈር ከተነሳ ወሬው አንድ ነው። «እዚያማ እንዳትሄጂ፤ መኪናሽን ይሰብሩብሻል።» እኔ ያደግሁት ቂርቆስ ነው። ስለ ቂርቆስም እንዲህ ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ያውም ሰፈሩን አንድ ቀን ረግጠውት በማያውቁ ሰዎች።

ዛሬ በባቡር ሄድኩ። 103ኛ ጎዳና ወርጄ ትንሽ እንደተራመድኩ ከትንንሾቹ ቤቶች ጣሪያ በላይ የዋትስ ማማዎች የሚባሉት የብረትና የሲሚንቶ ሥራዎች ብቅ አሉ። ረጅሙ 30 ሜትር ይደርሳል። ሁሉንም የሠራው አንድ ሰው ነው፤ ሳይመን ሮዲያ የሚባል ከጣሊያን የመጣ የጉልበት ሠራተኛ። እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1954 ድረስ፣ ከሥራ ሲመለስና በዕረፍት ቀኑ፣ በገዛ ግቢው ውስጥ። ብየዳ የለ፣ ብሎን የለ። ብረቱን ቤቱ አጠገብ ባለው የባቡር ሐዲድ ሥር እየሸጎጠ ያጎብጠዋል። ከዚያ በሽቦ ይጠቀልልና ጭቃ ቤት እንደሚመረግ በሲሚንቶ ይመርገዋል።

አጥሩ ጋ ብዙ ቆየሁ። አረንጓዴው የሰቨን አፕ ጠርሙስ ስባሪ ነው። ሰማያዊው የመድኃኒት ጠርሙስ። የሸክላ ሳህን ስባሪ አለ፣ የባሕር ዛጎል አለ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የታተመ የመዶሻና የቆረቆንዳ ቅርጽም አለ። ስባሪውን ከሚለቅሙለት መካከል የሰፈሩ ልጆች ነበሩበት። ይሄን ሳስብ ደረቴ ሞቀ።

ሮዲያ እ.ኤ.አ. በ1955 ቦታውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ሄደ። ከተማው «አደገኛ ነው፣ ይፍረስ» አለ። የሚቆረቆሩ ሰዎች ተሰብስበው ተሟገቱና በ1959 ፈተና ተደረገ። ማማው ከ4,500 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ተሳበ። አልወደቀም። የጎበጠው የመሳቢያው ብረት ነው።

ማማዎቹ ያስደንቃሉ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን አጠገባቸው ያለው የጥበብ ማዕከል ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ኖኣ ፑሪፎይ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቀራጺ ነበር። በነሐሴ 1965 ዋትስ ለስድስት ቀን በሁከት ሲናጥ 34 ሰው ሞተ። ሰፈሩን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚያ እሳት ብቻ ነው። ፑሪፎይና ጓደኞቹ ግን እሳቱ እንደበረደ የተቃጠለ እንጨትና የቀለጠ የኒዮን ምልክት ከመንገድ ለቀሙ። ከዚያ ቅርጻ ቅርጽ ሠርተው በማግስቱ ዓመት ለሕዝብ አሳዩ። ማዕከሉ እስከ ዛሬ የሰፈሩን ልጆች ሥዕልና ሙዚቃ ያስተምራል።

ኤልያስ ስሜ ትዝ አለኝ። የኛው የቂርቆስ ልጅ ነው። በአዝራር፣ በቆርኪ፣ ከምናለሽ ተራ በሚገዛው የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ የሠራቸው ሥራዎች የዓለም ሙዚየሞች ገብተዋል። እኔ ሳድግ በሰፈራችን ከጣሳና ከቆርኪ መኪና የማይሠራ ወንድ ልጅ አልነበረም። ሽቦ አጣጥፎ መሪ ያበጅለታል፣ እየነዳ ሱቅ ይላካል። ያ ሁሉ እጅ የት ደረሰ? ጎበዝ ልጅ አልጠፋም። የጠፋው «ና ግባ፣ እዚህ ሥራ» የሚል ክፍል ነው። ከሙያው ያልተናነሰ ዕድል ያስፈልጋል፤ ለኤልያስ ደረሰችው፣ ለብዙዎቹ አልደረሰችም።

ማታ አዲስ አበባ ታላቅ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ከእናታችን ቤት ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ከተከራዩ ከወጣ በኋላ ባዶዋን ነው ያለችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች ብንከፍታትስ?» አልኩት። ዝም አለ። ኪራዩ ለቤቱ ምን ያህል እንደሚደጉም አውቃለሁ። «እስኪ ከእማዬ ጋር ልምከርበት» አለኝ። ግማሹን ኪራይ እኔ እንደምልክ፣ ቀለምና ፒንሳም ከዚህ እንደምጭን ነግሬዋለሁ።