እንሶስላን በአበባው ለዩት

ልጅ ሳለሁ፣ ጥር ላይ፣ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሲደርስ እንሶስላ ቆፍሬ እንዳመጣ ተላክሁ። በበጋ ቅጠሉ ደርቆ ይጠፋል። አምና ያየሁት እዚህ ወንዝ ዳር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ነው ብዬ ቆፈርኩና አንድ ድቡልቡል ሥር ይዤ ሮጥኩ። አያቴ በቢላ ሰንጠቅ አድርጋ ውስጡ ነጭ መሆኑን ስታይ ከእጄ ቀማችኝ። አሞጭ የሚባለው፣ ሥሩ የሚለበልብ ሌላ ተክል ነበር! እስኪመሽ እጄን በላኝ። ቀምሼው ቢሆን ኖሮ አፌንና ጉሮሮዬን ይለበልበኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አበባውን ሳላይ ሥሩን አልቆፍርም። እንሶስላ ክረምቱን ጠብቆ ነው የሚወጣው። ግንዱ ውሃ የሞላው ነው፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ጭረት አለው፤ ከኋላው ደግሞ ከጣት የሚረዝም ቀጭን ጭራ ተንጠልጥሎበታል፣ ይሄን ጭራ አንዴ ያየ ሰው ከሌላ አበባ ጋር አያምታታውም። ሲመሽ ሽታው ያውዳል። የደረሰ ፍሬውን ነካ ሲያደርጉት ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። ቀይ አበባ ያለው ዘመድም አለው፤ እኔ የምፈልገው ነጩን ነው። ሳገኘው አጠገቡ እንጨት እተክላለሁ፣ በበጋ የምቆፍረው እዚያው ብቻ ነው።

ሥሩን አጥቤ፣ ልጬ እወቅጠዋለሁ። ቀይ ቀለሙ ሙቀጫው ላይ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ እጅና እግር ላይ ተለጥፎ፣ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ያድራል፤ እንሶስላ መሞቅ የምንለው ይሄንኑ ነው። እናቶቻችን ለውበት ብቻ ሳይሆን የእግር ጣት መሀል ለሚያሳክክ ፈንገስም ይሞቁታል።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካሳከከ ወይም ካበጠ ይቅርባችሁ። ክፍት ቁስል ላይና ሕፃን ልጅ ላይ አልቀባም። ለሆድ ይሆናል ብሎ የሚያጠጣችሁ ካለ እምቢ በሉ። ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም የሚቀላቅሉም አሉ፤ እሱ ቆዳ ያቆስላል። ፈንገሱ ካልለቀቀ ወይም እግራችሁ ካበጠ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ለጣት ቁስል ቀን አይስጠው።

ስቆፍር ሥሩን ሙሉ በሙሉ አልነቅልም። ቁራጩን አፈር አልብሼ እመለሳለሁ። አያቴ ቤት የውሃ መውረጃው ሥር የቀበርኩት ዘንድሮም መስከረም ላይ አብቧል።