ብሉዝና ሮክን ጥንድ ጥንድ አድርጌ የሰማሁበት መንገድ

የክላሲክ ሮክ አልበሞችን ከቆዩት ጀምሮ በዓመታቸው ተራ መስማት አድካሚ ነው። እኔን የጠቀመኝ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መስማት ነው፤ መጀመሪያ የሮክ ባንዱ የተጫወተውን፣ ወዲያው የብሉዙን ምንጭ፣ ከዚያ እንደገና ሮኩን። ምን እንደተወሰደና ምን እንደተጨመረ የሚለየው በሦስተኛው ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ለመጀመር ከ«ክሮስሮድስ» የተሻለ የለም። የእንግሊዙ ባለ ሦስት ሰው ሮክ ባንድ ክሪም በማርች 1968 ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ የተጫወተው «ዊልስ ኦቭ ፋየር» አልበም ውስጥ ይገኛል። ጨዋታው ባለ 12 ባር ነው፤ ማለት 12 እኩል ክፍል ያለው ዙር ሆኖ በየባሩ አራት ምት። መሠረታዊው አካሄድ በኤ ቢያዝ (ፊደሎቹ የኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች ስም ናቸው) አራት ባር ኤ፣ ሁለት ዲ፣ ሁለት ኤ፣ አንድ ኢ፣ አንድ ዲ፣ ሁለት ኤ ይሆናል፤ ሁለተኛው ባር ላይ ዲን ነካ አድርጎ መመለስም የተለመደ ነው። በእግር እየመቱ ይቁጠሩ። ሶሎው ሲመጣ የጃክ ብሩስ ቤዝ እንደ ሁለተኛ ጊታር ስለሚሮጥ ቆጠራው ይጠፋል፤ ያኔ የጂንጀር ቤከርን ድራም መያዝ ነው።

አሁን የዘፈኑ ምንጭ ወደሆነው የብሉዝ ተጫዋቹ ሮበርት ጆንሰን ቀረጻ ይሂዱ፤ ኖቬምበር 1936፣ ሳን አንቶኒዮ፣ አንድ ሰውና አንድ ጊታር። ቤዙም፣ ምቱም፣ ሽቦው ላይ የሚንሸራተተው ዜማም ከአንድ ሰው እጅ ነው የሚወጣው። ያው ቆጠራ እዚህ አይሠራም፤ ጆንሰን እንደ ስንኙ ምት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሦስት ሰው አብሮ እንዲጫወት ክሪም ይህን ማስተካከል ነበረበት። ስለ ሮዝዴል ከተማ የሚናገረውን ስንኝ ደግሞ የክሪም ጊታረኛ ኤሪክ ክላፕተን ያመጣው ከሌላ የጆንሰን ዘፈን ነው።

ክሪም የተጫወተው ሌላው የብሉዝ ዘፈን «ስፑንፉል» በተቃራኒው ተለጥጧል። የብሉዝ ድምፃዊው ሃውሊን ዎልፍ የ1960 ቀረጻ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ የክሪም የመድረክ ጨዋታ 17 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ዘፈኑ ኮርድ እምብዛም ስለማይቀይር ለመዘርጋት ይመቻል። እኔ ግን አጭሩን እመርጣለሁ፤ የሂዩበርት ሰምሊን ጊታር የድምፃዊውን ቃል እየነጠቀ ሲመልስ አንዲት ትርፍ ኖት የለችም።

በትዝታ ላደገ ጆሮ አንድ ጥቅም አለ። ከሲ የሚጀምረው ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። እነዚያኑ ድምፆች ማረፊያቸውን ኤ ላይ ቢያደርጓቸው የብሉዝ ጊታረኞች አብዝተው የሚጠቀሙበት ማይነር ፔንታቶኒክ የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ይሆናሉ። ልዩነቱ ያለው ማረፊያውና የሽቦው መጎተት ላይ ነው።

የድምፁ ነገር ችላ አይባልም። አዲስ ሪማስተር (አሮጌ ቀረጻ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ ሲወጣ) ብዙ ጊዜ ከፍ ተደርጎ ስለሚቀረጽ፣ ከአሮጌ ቀረጻ ጋር ሲወዳደር ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል። መጠኑን በእጅ አስተካክሎ ማወዳደር ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጡ አንዳንድ ስቴሪዮ ቅጂዎች ድምፃዊውን በአንድ ጆሮ፣ መሣሪያውን በሌላው ስለሚያስቀምጡ በጆሮ ማዳመጫ ያደክማሉ፤ ሞኖ ቅጂ (ድምፁ ሁሉ በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሰማበት) ካለ እሱን ይምረጡ። ከድሮ ሸክላ የተቀዳውን ሲሰሙ ደግሞ የሸክላውን ሹክሹክታ መሰል ጫጫታ ለማጥፋት ቀጭኑን ድምፅ አይቀንሱ፤ የሽቦው ጥራት አብሮ ይሄዳል።

ብዙ የብሉዝ «አልበም» ቀድሞ ለየብቻ የወጣ ነጠላ ዘፈን ስብስብ ነው። የዎልፍ የ1959 አልበም እንዲሁ ነው፤ የጆንሰን የ1961 ሸክላም በከፊል። ስለዚህ ሦስት አራት ዘፈን ሰምቶ ማቆም ምንም አያጎድልም። የብሉዝ ጊታረኛና ድምፃዊው ቢ.ቢ. ኪንግ «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» ግን አንድ የመድረክ ምሽት ስለሆነ ሳይቆራረጥ ይሰማ፤ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፣ ሲጨርስ ጊታሩ ይመልሳል። የሮክ ባንዱ ኦልማን ብራዘርስ በኒው ዮርኩ ፊልሞር ኢስት አዳራሽ የተቀረጸውን የ1971 አልበም ሲፈልጉም ሰባት ዘፈን ያለውን የመጀመሪያውን ቅጂ ይያዙ፤ የተስፋፉት እትሞች በመሐል ሌላ ዘፈን ስለሚያስገቡ የሸክላው ጎኖች አካሄድ ይፈርሳል።