ቴልስቶክን ያለ ቁልፍ ማሰርና መፍታት

ባሕር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ በጠረጴዛ ቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚቆርጥ ትንሽ ማሽን) የባጃጅ ቡሽ የሚያወጣ ሰው ውሎው መሰርሰር ነው። መጀመሪያ መሀል ማውጫ፣ ቀጥሎ ቀጭን ፑንታ፣ ቀጥሎ ወፍራም፣ መጨረሻ ላይ ቀዳዳውን በልኩ የሚያስተካክለው ሪመር። ፑንታ በተቀየረ ቁጥር ቴልስቶኩ፣ ማለትም በማሽኑ አልጋ ላይ እየተንሸራተተ ፑንታውን የሚይዘው ክፍል፣ ይፈታል፣ ይገፋል፣ ተመልሶ ይታሰራል። በብዙ ትንንሽ ማሽኖች ላይ ቴልስቶኩን የሚይዘው አንድ ዳዶ ብቻ ነው፤ የ17 ቁልፉ ደግሞ ሁልጊዜ ከብረት ፍቅፋቂው ስር ተቀብሮ ይፈለጋል። ይህን ዳዶ በእጀታ መተካት ለትንሽ ማሽን ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል።

የቴልስቶኩን እግር ከፊት ወደ ኋላ የሚያቋርጥ ዘንግ ይገባል። የዘንጉ ወገብ ከመሀል 1.5 ሚሜ ወጣ ብሎ የተቆረጠ ነው። እዚያ ላይ ራሱ የተበሳ ብሎን ይንጠለጠላል፤ የብሎኑ ጫፍ ከአልጋው ስር ያለውን መያዣ ብረት ይሸከማል። እጀታው ሲዞር ወገቡ ብሎኑን ወደ ላይ ይስባል፣ መያዣ ብረቱም አልጋውን ከስር ይነክሳል።

ዘንጉ ከፊት 16፣ ወገቡ 12፣ የኋላ ጫፉ 8 ሚሜ ነው። ጫፉ ከ9 ሚሜ ከበለጠ በብሎኑ ቀዳዳ አያልፍም፣ ወገቡ ከ13 ከበለጠ ደግሞ በ16ቱ ቀዳዳ አይገባም። ብሎኑን ከ20 ሚሜ ድፍን ብረት አውጡት፤ ራሱን በ12.2 ብሱት፣ ታቹን ወደ 10 አውርዳችሁ ኤም10 ፊሌት (የብሎን ጥርስ) አውጡለት።

16 ሚሜ ፌሮ እንዳያታልላችሁ፤ ክብ አይደለም። ከጋራዥ የተጣለ ሰሚያስ (የመኪና ጎማ የሚያዞር ዘንግ) ጥሩ ብረት ነው፣ ግን ላዩ ጠንካራ ነው። ሞረድ ሲነካው የሚንሸራተት ከሆነ በከሰል እስኪቀላ አግሉትና አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩት።

ዘንጉ በመሀሉ እንደታሰረ መጀመሪያ የ8ቱን ጫፍ ጨርሱ። ከዚያ ባለ አራት መንጋጋ ማንድሪኖ (ብረቱን ይዞ የሚያዞር መያዣ) ላይ ዳያል ጌጁ፣ ማለትም ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያነበው መለኪያ፣ በአንድ ሙሉ ዙር 3 ሚሜ እስኪያነብ አዛውሩት። ያላችሁ ባለ ሦስት መንጋጋ ብቻ ከሆነ ከአንዱ ስር 2.2 ሚሜ ገደማ ላሜራ አስገቡና በጌጁ አረጋግጡ። ቢላው እየመታ ስለሚቆርጥ ከ300 ዙር አትለፉ፣ በአንድ ጊዜም ከ0.3 ሚሜ በላይ አትውሰዱ። ከማንድሪኖው ሳይወጣ የወገቡን ከፍ ያለ ጎን በዘንጉ ፊት ላይ በቡሊኖ (በመምቻ ሹል ብረት) ምልክት አድርጉበት።

እግሩን በትራፓኖ ስትበሱ በ8 ፑንታ ሁለቱንም ግድግዳ በአንድ እስር አሳልፉ፣ ቀጥሎ የፊቱን ብቻ ወደ 16 አስፉ። ከቀዳዳው በላይና በታች ቢያንስ 6 ሚሜ ጊዛ (እግሩ የተሠራበት ቀልጦ የፈሰሰ ብረት) ይቅር። የብሎኑ ራስ ግራና ቀኝ 1.5 ሚሜ ስለሚወዛወዝ የሚቀመጥበት ክፍተት 24 ሚሜ መሆን አለበት። ከጠበበ ብሎኑ ግድግዳውን ይገፋል፣ እጀታውም የጠበቀ መስሎ መያዣ ብረቱ ግን ልቅ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስተካከሉ ላይ ነው። ወገቡ ከመሀል የወጣበትን 1.5 ለወገቡ ግማሽ ስፋት፣ ማለትም ለ6 ስታካፍሉ 0.25 ይመጣል፤ ይህ ቁጥር ከፍትጊያው ከበለጠ እጀታው በራሱ አይቆምም። ዘይት የነካው ብረት ፍትጊያ ደግሞ ከ0.1 እስከ 0.15 ነው። ስለዚህ ከፍ ያለው ጎን ገና አግድም ሳለ ከጠበቀ፣ ሰርሳሪው ሲንቀጠቀጥ እጀታው ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ላይኛው ጫፍ 20 ዲግሪ ሲቀረው ግን ቁጥሩ ወደ 0.085 ይወርዳል፣ ያኔ በራሱ ይቆማል። ዳዶውን ከስር ከ1/8 ዙር ባነሰ እርምጃ እያጠበቃችሁ ወይም እያላላችሁ መጥበቂያው ወደ ላይኛው ጫፍ 15 ወይም 20 ዲግሪ ሲቀረው እንዲሆን አድርጉ፤ 1/8 ዙር ብቻ 0.19 ሚሜ ስለሆነ ይበዛል። እንዳይላላ ናይሎን ያለው ዳዶ ተጠቀሙ፤ ካላገኛችሁ ሁለት ዳዶ አጋጥሙ። ከፍ ያለው ጎን የላይኛውን ጫፍ ካለፈ ተመልሶ ይፈታልና ማቆሚያ ፒን ይኑረው።

የእጀታውን ቀዳዳ ከዚህ በፊት አትብሱ። ዘንጉ ጠብቆ ሳለ እጀታው ወዴት ቢያመለክት እንደሚመቻችሁ አይታችሁ ነው ኤም8 የሚወጣለት። 10 ሚሜ ብረት፣ 110 ሚሜ ርዝመት ይበቃል።

በእግሩና በመያዣ ብረቱ መካከል ብሎኑ ላይ ቀጭን ሞላ አስገቡ፤ ያለሱ ብረቱ ተጋድሞ አልጋውን ይፍቃል። ጣና አካባቢ በክረምት ዘንጉ ቶሎ ስለሚዝግ ቀጭን ዘይት ቀቡት፣ ግራሶ ግን አታብዙበት።

መጨረሻ ላይ ዳያል ጌጁን የቴልስቶኩ ማንኮራኩር የሚገፋው ዘንግ ጎን ላይ አሳርፉና እጀታውን እሰሩ፣ ፍቱ። ከ0.03 ሚሜ በላይ ከተንቀሳቀሰ መያዣ ብረቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚነክሰው፤ አውጡትና ከፍ ያለውን ጎን በሞረድ አውርዱት።