አንድ ዓይን፣ ሁለት ዓይን፦ የዘጌ ውሎ

የጥንት ስዕል ሲባል ሰው ሁሉ ዋሻና ድንጋይ ነው የሚያስበው፣ የድሬዳዋው ለገ ኦዳ ምናምን። እኛ ባሕር ዳሮች ግን በጀልባ አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው፣ በስዕል የተሞሉ ገዳማት ያሉባት ዘጌ አለችልን፣ ሐይቁን እያየን ማኪያቶ ከመጠጣት ግን አናልፍም። ባለፈው ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር በግሩፕ አስጎብኚ ይዘን ሄድን።

ጠዋት ነው የሚወጣው፣ ከሰዓት ጣና ላይ ነፋስ ይነሳና ሞተር ጀልባዋን ያንገላታታል፣ ስለዚህ አስጎብኚያችን ገና ሳንነሳ "ሰዓት ሰዓት" ማለት ጀመረ። መንገድ ላይ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ የሚቀዝፉ የደንገል ታንኳዎች አጋጠሙን፣ ሁሉም ፎቶ ለማንሳት ወደ አንድ ጎን ሲዘም ካፒቴኑ "ኧረ በየቦታችሁ!" ብሎ ጮኸብን።

ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፣ ጥላው ደስ ይላል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፣ ቡናው ጌሾው ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች፣ ለዛ ነው መሰለኝ ሌላው አገር ሲራቆት ይሄ ጫካ ሆኖ የቀረው። ታንኳ በትንሹ ሠርተው የሚሸጡ ልጆች እስከ በሩ ተከተሉን።

ገዳሙ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ተመሠረተ ነው የሚባለው፣ ስዕሎቹ ግን ከዛ በኋላ የመጡ ናቸው። ጫማ አውልቀን ገባን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ ቅኔ ማኅሌቱን አልፈህ ስትገባ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ስዕል ነው፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳይመስላችሁ፣ ጨርቅ ተለጥፎ ነው የተሳለው። አስጎብኚው "ይሄ ጊዮርጊስ፣ ይሄ ተክለ ሃይማኖት፣ ይሄ አቡዬ ከነአንበሶቻቸው" እያለ እየተራመደ ነው የሚናገረው፣ እውነቱን ለመናገር ይሄንንማ እኛም እናውቀዋለን፣ የማናችንም ቤት ግድግዳ ላይ አለ።

ደግነቱ አንድ መሪጌታ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙን ነበር። ተነሱና በመቋሚያቸው እያመለከቱ "ልጆቼ፣ መጀመሪያ ዓይን ቁጠሩ" አሉን። ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ። በቃ ከዛ በኋላ ማን ይያዘን፣ እንደ ሕፃን "እቺ አንድ ናት! ያ ወታደርም አንድ ነው!" እየተባባልን ዞርን፣ ይሁዳን ከሐዋርያቱ መሃል ለይቶ ለማውጣት እኮ ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም። ማንበብ ለማይችል ምዕመን የተሳለ ስለሆነ ነው እንዲህ የተደረገው አሉን መሪጌታው፣ እኔ ግን ዲግሪ ይዤም ሳይነግሩኝ አላየሁትም።

አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ቢነጫነጭም እማማ፣ የጽዳት ክፍሏ፣ "አባቴ፣ በላዔ ሰብን ይንገሩን" ብለው ያዟቸው። 78 ነፍስ የበላ፣ ሚስትና ልጆቹን እንኳን ያልማረ፣ በመጨረሻ ግን ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ የሰጠ። ነፍሱ ስትመዘን ያቺ ውሃ ከ78ቱ በለጠች። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነግሥ የሚተረከው ይሄው ነው፣ ታሪኩን በስሟ በተሠራ ቤት ውስጥ ቆሞ መስማት ደግሞ ሌላ ነው።

በዚህ ምክንያት ሌላዋን የዘጌ ቤተ ክርስቲያን፣ አዝዋ ማርያምን፣ በሩጫ ነው ያየናት፣ ስለሷ ምንም ብዬ ባወራ ውሸት ነው። የምትሄዱ ካላችሁ አስጎብኚው ሦስት አራት ቦታ አሳያችኋለሁ ሲላችሁ አንዱ ይበቃናል በሉት፣ መሪጌታም ፈልጉ።

ጀልባ ላይ ፋይናንስ የሚሠራው ልጅ አላስችል አለው፣ "78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ? የተበሉት ሰዎችስ ምን ይላሉ?" እማማ ነጠላቸውን እያጠበቁ "አንተ ሂሳቡን ተወው፣ እሷ ናት የምትመዝነው" አሉት። እሱ አልተወም፣ እሳቸውም አልተዉትም፣ ባሕር ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ ስንበላም እዛው ላይ ነበሩ።